ሎሬል ካንጋስ ከተማ ስትሸጥ

የሎሬል ካንጋስ እንጀራ ከተማ መሸጥ ነው። ከሐይቁ ዳር ተለጥፋ የዓመቱን እኩሌታ በበረዶ ታፍና የምትከርመውን ፖርት ኤልድንን ለባለ ገንዘብ ታሳያለች፣ ታስወድዳለች፣ ታግባባለች። ማዘጋጃ ቤቱ ለዚህ ሥራ በአንድ ትንፋሽ የማይጠራ ማዕረግ አውጥቶለታል። ሕዝቡ ግን «ደላላዋ» ይላታል፤ አንዳንዴ በፍቅር፣ አንዳንዴ በንዴት፣ እንደ ቀኑ።

ሥራው መጥፎ ሥራ አይደለም። የወረቀት ፋብሪካው ከተዘጋ ወዲህ ከተማይቱ ባሏ ጥሏት እንደሄደ ሴት በር በሩን ስታይ ነው የኖረችው። የፋብሪካው ባለቤቶች ሦስት ትውልድ ሙሉ ጫካውን ቆርጠው፣ ሐይቁን አጠልሽተው፣ ትርፉን ጠቅልለው ሲሄዱ የተዉላት ነገር ቢኖር አንድ ረጅም ጭስ ማውጫና «ገበያው አልተመቸንም» የሚል አንድ ቃል ነው። ገበያው! ዝናብ ይመስል፣ ከሰማይ የወረደ ይመስል! ሰው ነው ሰውን ከሥራ ያባረረው፤ ሲጠየቅ ግን ጣቱን ወደ ገበያው ይቀስራል።

ከተባረሩት አንዱ የሎሬል ባል ቴሮ ነበር። ቴሮ የማሽን ጥገና ሠራተኛ ነው። አሁን በአውሮፕላን እየተሳፈረ ሩቅ ምዕራብ ወዳለ ማዕድን ማውጫ ይሄዳል፤ እዚያ ከወንዶች ጋር በካምፕ ሰንብቶ ለጥቂት ቀን ብቻ ቤቱ ይመለሳል። ሲመጣ መጀመሪያ ይተኛል። ከዚያ ስኒ የት እንደሚቀመጥ ይጠይቃል። የስኒውን ቦታ የለመደ ዕለት ሻንጣው በር ላይ ቆሞ ይገኛል። ሎሬል አንድ ቀን ለእህቷ «ባል ሳይሆን እንግዳ ነው የማስተናግደው፤ እሱም ጨዋ እንግዳ፣ አልጋውን አንጥፎ የሚሄድ» ብላ ሳቀች። ስቃ ስታበቃ ግን ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

ስለዚህ ከወደ አሜሪካ ደቡብ አንድ ኩባንያ፣ የቤት ግድግዳ ከእንጨት ገጣጥሞ የሚሸጥ ትልቅ ኩባንያ፣ ፋብሪካ የሚተክልበት ከተማ እየፈለገ ነው የሚል ወሬ ሲመጣ ሎሬል ነገሩን እንደ ስለት ያዘችው። ፋብሪካ ካለ ማሽን አለ፤ ማሽን ካለ ይበላሻል፤ ከተበላሸ ቴሮ ቤቱ ያድራል። ሐሳቧ ይኸው ነበር።

ለእንግዳው የምታሳየውን ፎቶና ጽሑፍ አሰናዳች። ፎቶዎቹ ሁሉ በአጭሩ የሙቀት ወራት የተነሡ ናቸው፤ ሐይቁ ሰማያዊ፣ ሣሩ አረንጓዴ፣ ሕፃናቱ ባዶ እግራቸውን። ከጽሑፉ መሐል ደግሞ ከንቲባው ጎርደን ፕሬስኮት በጣም የወደዱት አንድ ዓረፍተ ነገር ነበር፦ «ሠራተኞቻችን ታማኝ ናቸው፤ ሥራ አይለቁም፤ ደሞዛቸውም ከትልልቆቹ ከተሞች በሩብ ያነሰ ነው።»

«ይቺን ጮክ ብለሽ አንብቢያት» አሏት።

ታማኝ! መሄጃ ያጣን ሰው ታማኝ ማለት የተለመደ ነው። እንዲያ ከሆነ በገመድ የታሰረ ፈረስም ታማኝ ነው። ሎሬል ይህን ሳታውቅ ቀርታ አልነበረም። አውቃ ነው የጻፈችው፤ ቴሮ ይመጣል ብላ።

አንድ ነገር ብቻ ያሰጋት ነበር። የፖርት ኤልድን ሰው ክፉ አመል አለበት፤ እንግዳ ባየ ቁጥር በብርዱ ይፎክራል። ሌላው ዓለም በአባቱ ይፎክራል፣ በንብረቱ ይፎክራል፤ እነዚህ ግን የሚፎክሩት በሚያሰቃያቸው ነገር ነው። አንዱ «ጢሜ ቀዝቅዞ ተሰበረ» ካለ፣ ሌላው «ያንተማ ጢም ነው፤ የእኔማ የመኪናዬ በር ነው የተሰበረው» ሳይል አያድርም። በዚህ አመላቸው ስንት ባለ ገንዘብ አስደንግጠው እንደመለሱ ሎሬል ታውቃለች።

ስለዚህ እንግዳው ሊመጣ ሲል፣ ሽማግሌዎቹ ጠዋት ጠዋት ወደሚሰበሰቡበት ዶናት ቤት ገባች። የሽማግሌዎቹ አውራ ስታን ቦይቹክ ነው፤ ዕድሜውን በወረቀት ፋብሪካው የጨረሰ፣ ሁለት ጣቱንም እዚያው የተወ።

«ስታን፣ አደራህን። ማክሰኞ እንግዳ አለኝ። ስለ ብርድ አንዲት ቃል እንዳትተነፍስ።»

«ከጠየቀኝስ?»

«ለምደነዋል በለው።»

«ዋሽ እያልሽኝ ነው?»

«አይደለም፤ ዝም በል እያልኩህ ነው። ዝም አይነቅዝም።»

«እዚህ አገር ዝም ካልሽ አፍሽ በረዶ ይሠራል!» አለ ስታን። ጓደኞቹ ጠረጴዛውን እየደበደቡ ሳቁ።

«ይኸው! ይኼን ነው የምለው!»

«እሺ በቃ፣ አትቆጪ። ለቴሮ ስል አፌን እሰፋዋለሁ።»

ሎሬል ደነገጠች። ስለ ቴሮ ለማንም አልተናገረችም። ግን ፖርት ኤልድን መቶ ሺህ ሰው ቢኖርባትም ምስጢር የማይኖርባት ከተማ ናት።

እንግዳው ሚስተር ዌንደል ታተም ከአውሮፕላን ሲወርድ የተጫማው ለሠርግ የሚሆን ስስ ጫማ ነበር። ጨዋ፣ ሳቂታ፣ ጠያቂ ሰው ነው። ሎሬል በመኪና እያዞረች ስታሳየው፣ ከሐይቁም ከወደቡም ይልቅ ዓይኑን የሳበው ከየመኪናው አፍንጫ ሥር የተንጠለጠለው የኤሌክትሪክ ገመድ ሆነ።

«ወይ ጉድ! ሰዉ ሁሉ የኤሌክትሪክ መኪና ነው እንዴ የሚነዳው? እኛ ጋ እንኳ እንዲህ የለም!»

ገመዱ የተንጠለጠለው፣ ማታ ማታ ኤሌክትሪክ ላይ ተሰክቶ ሞተሩን ካላሞቀው መኪናው ጠዋት ሬሳ ሆኖ ስለሚገኝ ነው። ሎሬል አፏን ከፈተች። ዘጋችው። ከዚያ «ከተማችን ለአዲስ ነገር ፈጣን ናት» አለች፤ ወዲያው ጆሮዋ ጋለ።

በተዘጋው ፋብሪካ ቦታ ላይ አቆመችው። ስለ ባቡሩ ጠየቀ፤ ስለ መብራቱ፣ ስለ እንጨቱ ጠየቀ። ቦታውን ወደደው፤ ሲወደው ይታይ ነበር። እሷም ያቺን ዓረፍተ ነገር ጮክ ብላ አነበበችለት።

«በሩብ?» አለ።

«በሩብ።»

«ሥራም አይለቁም?»

«አይለቁም።»

ራሱን እየደጋገመ ነቀነቀ። ሎሬል በልቧ ቴሮን በእግሩ ወደ ሥራ ሸኘችው፤ ማታም በእግሩ መለሰችው።

ከንቲባው ምሳውን ሆቴል አሰናድተው ይጠብቁ ነበር። እንግዳው ግን መንገድ ላይ የከርሊንግ መጫወቻውን ቤት አየና «እስቲ ልሞክር» አለ። እንቢ ማለት አይቻልም። የማይንሸራተት ጫማ አዋሱት፤ ከባዱን የተወለወለ ድንጋይ በበረዶው ወለል ላይ እንዴት እንደሚለቁት፣ ፊት ፊቱን በመጥረጊያ እንዴት እንደሚጠርጉለት አሳዩት። ሁለቴ ወደቀ። እዚያ ሲጫወቱ የተገኙት እነ ስታን አሸነፉት። በዚህ ጨዋታ ደግሞ ያሸነፈ የተሸነፈን ይጋብዛል፤ አብሮትም ይቀመጣል። ጥሎ መሄድ ለሁለቱም ነውር ነው። ሎሬል «ሆቴል ይጠብቁናል» ብትል ማን ይስማት! ታተም ስታን አጠገብ ተቀመጠ፤ ቢራ መጣለት፤ የአተር ሾርባና የእንቁላል ሳንድዊች ተከተለ። ከንቲባውም ወሬው ደርሷቸው ከሆቴሉ እየተጣደፉ መጡ።

ስታን የመጀመሪያውን ቢራ እስኪጨርስ ታገሠ። እውነትም ታገሠ። ሁለተኛው ላይ ግን እንግዳው እጁን እያሻሸ «ዛሬስ ትንሽ ይበርዳል» አለ።

«ትንሽ?» አለ ስታን። ሎሬል በዓይኗ ለመነችው። አላያትም። «ሚስተር፣ ዛሬማ ሙቀት ነው! ዛሬ ልብስ ታጥቦ ደጅ ይሰጣል። ብርድስ ያንዬ፣ የፈላ ቡናዬን ወደ ላይ ብረጨው እስከ ዛሬ አልወረደም!»

«ውሸታም» አለ ከጎኑ የተቀመጠው። «እውነቱን ከኔ ስማ። የሚስቴ እናት የዓይኗ ሽፋሽፍት ተጣብቆ ደጃፌ ላይ ቆማ ቀረች።»

«አንተ ነህ በሩን ያልከፈትክላት!»

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። ታተምም ከልቡ ሳቀ። «ታዲያ በእንዲህ ያለ ብርድ የኤሌክትሪክ መኪናዎቻችሁ እንዴት ይሄዳሉ?» አለ።

«የምን የኤሌክትሪክ መኪና?»

«ገመድ ያላቸው።»

ስታን እስኪያነባ ሳቀ። «ገመዱ? እሱማ ለሞተሩ ብርድ ልብስ ነው! ማነው እንዲህ ያለህ?»

ታተም ወደ ሎሬል ዞረ። ፈገግታው አልጠፋም። «አይዞዎት፤ እኔም ሻጭ ነኝ» አላት። ከዚያ እንደ ቀልድ፣ ክፋት በሌለው ቀልድ፣ ወደ ስታን ተመልሶ «ሌላውስ የነገሩኝ እውነት ነው? ሥራ አትለቁም አሉኝ። ደግሞም ከሌላው በሩብ ትረክሳላችሁ አሉኝ» አለው።

 ከመጫወቻው ከሚለያቸው መስተዋት ማዶ ድንጋይ ከድንጋይ ሲጋጭ ብቻ ይሰማል። ስታን ሁለት ጣት በጎደለው እጁ ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«በሩብ?» አለ። ድምፁ ቁጣ አልነበረውም፤ የከፋውም ይኸው ነው። «ሎሬል፣ እኔን በስንት ነው የሸጥሽኝ?»

ከንቲባው ጣልቃ ገቡ። «ስታን፣ ይህ እኮ የኢኮኖሚ አነጋገር ነው። ተወዳዳሪ ደሞዝ ማለት...»

«ጎርደን፣ አንተን አልጠየቅሁም።»

«ብያለሁ» አለች ሎሬል። «ጽፌዋለሁም፤ አንብቤዋለሁም።»

«ለምን?»

«ቴሮ እንዲመጣልኝ።»

ማንም አልሳቀም። ታተምም አሁን አይስቅም። የመጣበትን ጉዳይ እንደሚጠይቅ ሰው ወደ ፊት ጎንበስ አለ። «ባልዎ ምንድነው ሥራቸው?»

«የማሽን ጥገና።»

«እኔ የምፈልገው እንዲህ ያለ ሰው ነው። ታዲያ በነገሩኝ ደሞዝ ይመጣሉ?»

አንድ ቃል ነበር የሚያስፈልገው። ከጠረጴዛው ሥር የከንቲባው ጫማ እግሯን ፈልጎ አገኘ። ሎሬል «አዎን» ልትል አፏን ስትከፍት፣ ያን ሁሉ ወራት ያላሰበችው ነገር ድንገት ፊቷ ቆመ። ያን ሩብ ቴሮ ላይ አስቀምጣው አታውቅም። የስታንን የልጅ ልጅ፣ የጎረቤቷን ልጅ፣ የከተማውን ሰው ሁሉ በሩብ ቀንሳ፣ የራሷን ሰው ብቻ በሙሉ ዋጋው ነበር ቤቷ ያስገባችው። የሚሸጥ ሰው ሁልጊዜ እንዲህ ነው፤ የሌላው ሰው ሥጋ ነው የሚረክስበት።

«አይመጣም» አለች። «በዚያ ደሞዝ የኔም ባል አይመጣም። አይለቁም ያልኩዎትም ሐሰት ነው። የሚችለው ሁሉ ለቆ ሄዷል። የማንለቀው የቀረነው ነን።»

የከንቲባው ጫማ ተመለሰ። ታተም ሾርባውን በዝግታ ጨረሰ፤ አመስግኖም ተነሣ። ሎሬል ሳህኗ ላይ አቀርቅራ ቀረች።

«ሾርባሽ እየቀዘቀዘ ነው» አላት ስታን። «ብዪ።»

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስልክ ተደወለ። ኩባንያው ሌላ ከተማ መርጧል፤ ምክንያቱ የመንገድ ርቀት ነው ተባለ። ማንም አላመነም። እኩሌታው የስታን ብርድ ነው አለ፤ እኩሌታው የሎሬል አፍ ነው አለ፤ ከንቲባው ሁለቱንም አምነው በማዘጋጃ ቤቱ መተላለፊያ ሰላምታ ነሷት። የማንም ጥፋት ይሁን የማንም፣ ፋብሪካው አልመጣም፤ ይህን አለሳልሶ መናገር አይቻልም። ስታን የልጅ ልጁን ወደ ምዕራብ ሸኘ። እዚያ ምሳ ላይ ስለ ተነገረው እውነት ለልጁ አንድ ሳንቲም የከፈለው የለም።

ቴሮ መጥቶ ሰንብቶ፣ የመሄጃው ቀን ደረሰ። ሎሬል በመኪና ወደ አውሮፕላን ማረፊያው ይዛው ስትሄድ በረዶው በቀስታ ይወርዳል።

«ስታን ካምፕ ድረስ ደውሎልኝ ነበር» አለ ቴሮ።

«ምን አለህ?»

«ሚስትህ ከተማውን ገደለችው አለኝ። ከዚያ ካርዱ እስኪያልቅ አመሰገነሽ።»

ሎሬል ፈገግ አለች።

«ግን እንደማልመጣ በምን አወቅሽ? አልጠየቅሽኝም እኮ።»

«ትመጣ ነበር?»

 «እመጣ ነበር» አለ። «ከዚያ ኑሮው ሲያንቀን፣ ይኼን ደሞዝ ለሰውየው የነገረው ማነው እያልኩ በየማታው ፊትሽን አይ ነበር። ከዚያ ኑሮስ የካምፑ ብርድ ይሻላል።»

ሎሬል መሪውን ጨበጥ አደረገች። «ሌላ እንግዳ ሊመጣ ነው። ያቺን ዓረፍተ ነገር አላነብም ካልሽ ሌላ ሰው ያነባታል ብለውኛል ከንቲባው።»

«አንቺስ ምን አልሽ?»

«ያንብባት አልኳቸው። ግን ከርሊንግ ቤት ቆሞ፣ በነ ስታን ፊት ያንብባት። ባለቤቱ በሌለበት የሚነገር ዋጋ የሌባ ዋጋ ነው አልኳቸው።»

ቴሮ ሳቀ፤ በዚህኛው አመጣጡ ሲስቅ ስታየው የመጀመሪያዋ ነበር። «ምን መለሱልሽ?»

«እስካሁን እያሰቡ ነው።»

ደረሱ። ቴሮ ሻንጣውን አወረደ፤ አንገቷን አቅፎ ቆየና ሄደ። በሩ ላይ የእሱን የመሰለ ሻንጣ የያዙ ወንዶች ተሰልፈዋል። ሎሬል አብዛኞቹን በስም ታውቃቸዋለች። አንዱ እጁን አነሣላት፤ እሷም አነሣችለት፤ ቴሮም ከኋላቸው ገብቶ ተሰለፈ።