በጥይት ሳጥን የበሰለ ፖም

የልጄ ሚስት ከጎንደር ያመጣችው የኤሌክትሪክ ድስት ከጠዋት ጀምሮ ጥግ ላይ ተቀምጦ በቀስታ ይንተከተካል። ውስጡ ፖም ነው፤ ጥርስ ለሚያበቅለው የልጅ ልጄ። የመስታወት ክዳኑ አልቦታል፤ ቤቱ ሁሉ ማርና ቀረፋ፣ ከሥሩም ትንሽ የሆመጠጠ ነገር ይሸታል። "አባባ፣ ይሄ እኮ እሳት መጠበቅ የለበትም፤ ዘግተውት ይሄዳሉ፣ ራሱ ያበስላል" ትለኛለች፣ ለማያውቅ ሰው እንደምታስረዳ። ይህን ድስት እኔ ያለ ኤሌክትሪክና ያለ አስተማሪ፣ እሷ ሳትወለድ፣ በእነዚህ እጆቼ ሠርቼዋለሁ። የሠራሁለትን ሰው ነገር ግን አውርቼ አላውቅም።

ይኸውልህ፣ እኔ የትምህርት ቤት ደጅ አልረገጥሁም። ፊደል የለየሁት ከሳሙና ካርቶን ላይ ነው። እንግሊዝኛ የለቀምሁት ወደ ስሜን ተራራ የሚወጡ ፈረንጆችን ጓዝ በበቅሎ እየነዳሁ ነው። ደባርቅ ውስጥ ራዲዮ ቢታፈን፣ ሰዓት ቢቆም፣ ወፍጮ እምቢ ቢል የሚጠራው እኔ ነበርሁ። ዛሬም ቢሆን የእኔን እጅ የሚያህል እጅ በዚህ ከተማ የለም። ለመመጻደቅ ብዬ አይደለም፤ እውነት ስለሆነ ነው።

ያኔ ደርግ ከወደቀ ጥቂት ዓመት ሆኖታል፤ እኔ ገና ሚስት ያላገባሁ ጎረምሳ ነበርሁ። በዚያ ክረምት የእናቴ ጉሮሮ ተዘጋ። ጎንደር ወስደናት ነበር፤ የበቀለባት ነገር የሚነሣ እንዳልሆነ ነገሩን፤ ይዘናት ተመለስን። እንጀራ ካቆመች ሁለት ወር ሆኗታል። አጥሚቱ ያስመልሳታል፣ ተልባው ያንቃታል። በዚህ መካከል ፍልሰታ ገባ።

የንስሐ አባቷ ሊጠይቋት መጥተው፣ "ለታመመ ጾም የለበትም። እኔ ፈትቼሻለሁ፤ ወተትም ቢሆን ጠጪ" አሏት።

እናቴ መስቀላቸውን ተሳለመችና፣ "እርስዎ ቢፈቱኝም እኔ ራሴን አልፈታም፣ አባቴ። ከልጅነቴ ጀምሮ ፍልሰታን ገድፌ አላውቅም። አሁን የእመቤቴ ደጅ ላይ ስደርስ ልግደፍ?" አለቻቸው።

"የሚወርድላት ነገር እኔ እሠራለሁ" አልሁ፣ ቄሱ እንደ ወጡ።

እናታችንን የምታስታምማት ታላቅ እህቴ ነበረች። "አንተ ሰዓት ትሠራለህ እንጂ ጉሮሮ ትሠራለህ?" አለችኝ።

አንድ ጊዜ ፈረንጆቹ በሚያድሩበት አምቢኮ መንደር አንዲት ፈረንጅ ሆዱን ለታመመ ባሏ ፖም ቀቅላና አላቁጣ በማንኪያ ስታበላው አይቼ ነበር። አንዴ አየሁ፤ ለእኔ አንዴ ይበቃኛል። ዳባት ውስጥ አንድ የድሮ ሹም ግቢ ሦስት የፖም ዛፎች ነበሩት። ፍሬያቸው የሕፃን ጡጫ የሚያህል፣ ጥርስ የሚያደነዝዝ አረንጓዴ ነው። "ፍየል እንኳ አትበላውም" እያለ ዘበኛው በጆንያ ሞልቶ ሰጠኝ።

ችግሩ እሳቱ ነበር። እንጨቱ ሁሉ ርሷል፤ በጭሱ እያለቀሱ ቀኑን ሙሉ ማብሰል የማይታሰብ ነው። ወታደር ሲሸሽ የጣለው የጥይት ሳጥን ነበረኝ፤ መፍቻና ጉጠቴን የማስቀምጥበት። ዘረገፍሁትና ውስጡን የጤፍ ጭድ ጠቀጠቅሁበት፤ መካከሉን ለድስቱ አጎደጎድሁ። ፖሙን ልጬ ከትፌ፣ ትንሽ ውኃ፣ ማርና ቀረፋ ጨምሬ አፈላሁት። ክዳኑን ዙሪያውን በሊጥ አሸግሁ፤ እንደ ፈላ አንሥቼ ጭዱ ውስጥ ቀበርሁት፤ በላዩ የበግ አጎዛ ጣልሁና ሳጥኑን ዘጋሁ።

"ቀበርኸው? ተዝካሩስ መቼ ነው?" አለች እህቴ።

እናቴ ከአልጋዋ ሳቀች፤ ሳቁ ወደ ሳል ተለወጠ።

ጠዋት የዘጋሁትን ዘጠኝ ሰዓት ላይ፣ ቅዳሴ ሲወጣ ከፈትሁት። እንፋሎቱ ፊቴን መታኝ። ጭዱ ሞቆ የአውድማ ሽታ አምጥቷል፤ ፖሙ ያለ አንዲት ፍም ልፍስፍስ ብሏል። በወንፊት አሳለፍሁት። እህቴ "የፖም ሽሮ" ብላ አፌዘችበት፤ ማንኪያውን ግን ላሰችው። እናቴ የመጀመሪያውን ጉርሻ ዓይኗን ጨፍና ተቀበለች። ሁለታችንም የአንገቷን ጅማት እናያለን። ወረደ።

"ይሄማ ይወርዳል" አለች።

ስድስት ማንኪያ በላች። በማግስቱ ደባርቅ ገበያ ውስጥ የእኔን ሳጥን ያልሰማ ሰው አልነበረም። ነጋሪው እኔው ነበርሁ፤ ለምን እደብቃለሁ? "ሐኪም ተስፋ የቆረጠበትን ጉሮሮ ከፈተው" ይሉኝ ነበር። እኔም አላስተባበልሁም።

(ይህን ስነግርህ የልጄ ሚስት ክዳኑን ከፍታ እያማሰለች ነው። "ላቅምስዎት?" ትለኛለች። አልፈልግም አልኋት።)

እንዲያ ስትበላ ሰነበተች፤ ሥጋዋ ግን ማለቁን አልተወም። ክንዷ የልጅ ክንድ መሰለ፤ ዓይኗ ወደ ውስጥ ገባ። ፖም ውኃ ነው፣ ጉልበት የለውም አልሁ በልቤ። ቅቤ ጉሮሮ ያለሰልሳል፣ አጥንት ያጠነክራል፤ ይህን የማያውቅ የስሜን ሰው የለም። ቄሱ ፈትተዋታል፤ እምቢ ያለችው እሷ ናት። ካላወቀች ኃጢአቱ ምኑ ላይ ነው? ማንንም አልጠየቅሁም። እኔ ምክር የምሰጥ እንጂ የምቀበል ሰው አልነበርሁም። አንድ ማንኪያ ለጋ ቅቤ ፖሙ ውስጥ አቅልጬ፣ ሽታው እንዲጠፋ ቀረፋውን አብዝቼ አቀረብሁላት።

አንዱን ዋጠች። ሁለተኛውን ዋጠች። ሦስተኛውን አፏ ውስጥ እንደ ያዘች ቆመችና አየችኝ። እህቴ አጠገባችን ሱፍ እየለቀመች ነበር። እናቴ ወደ እሷ አየት አደረገች፤ ከዚያ ያፏን ዋጠችው።

"ጠገብሁ" አለች።

በማግስቱ የንስሐ አባቷን አስጠራች። እኛን ከቤት አስወጡን፤ እኔ ከግድግዳው ጀርባ ጣሪያ ሥር ተጠለልሁ። ቆርቆሮውን የሚደበድበው ዝናብ ድንገት ባያባራ ኖሮ ምንም አልሰማም ነበር።

"አባቴ፣ ጾም ገደፍሁ። ቅቤ አምሮኝ በላሁ።"

"ፈትቼሽ የለም እንዴ?"

"ስለ ፈቱኝ አይደለም የበላሁት። ሆዴ አሸንፎኝ ነው። ልጄን ጨምርልኝ ብዬ አዘዝሁት፤ እሱ የታዘዘውን ነው ያደረገ።"

ከእኔ እስከ በሩ ሦስት እርምጃ ነበር። ገብቼ "የለም፣ እኔ ነኝ፣ እሷ አላወቀችም" ማለት ነበረብኝ። ነገር ግን ቄሱ ያውቃሉ፣ እህቴ ትሰማለች፣ ያ ሁሉ ሲያደንቀኝ የሰነበተ ገበያ ይሰማል። የጣሪያው ጠብታ በአንገቴ እየገባ ቆምሁ። ጾሟን ያስገደፍኋት እኔ ነኝ። በመስቀል ፊት ያስዋሸኋትም እኔ ነኝ።

ከዚያ በኋላ ሁለት ቀን ምንም አልቀመሰችም። በሦስተኛው ቀን ድስቱን በአመድና በፈላ ውኃ ሦስት ጊዜ አጠብሁት፤ ጭዱን ለወጥሁት፤ ሌሊት ቀብሬ ያሳደርሁትን ፖም ሰዓቱ እስኪደርስ መታገሥ አቅቶኝ ከፈትሁት። እህቴ ቅዳሴ ሄዳለች። እናቴ ጋቢው ውስጥ አንሳ አንሳ የለችም ታስብል ነበር።

"እምዬ፣ ዛሬ ፖም ብቻ ነው። በማርያም እልሻለሁ።"

ሳህኑን ብዙ አየችው። "እስቲ ቅመስልኝ" አለች።

እንግዳ ፊት ጠላ ሲቀርብ አሳላፊዋ አስቀድማ በመዳፏ ትቀምሳለች፤ መርዝ የለበትም ለማለት ነው። የሚደረገው ለእንግዳ ነው። እናት ልጇን ቅመስልኝ ስትል የሰማሁት በዕድሜዬ ያን ቀን ብቻ ነው። ማንኪያውን አነሣሁ። ወደ አፌ ሳደርሰው ክንዴን ያዘችኝ።

"ለካ ቅዳሴ አልወጣም" አለች። "ተው ልጄ፣ ጾምህን እንዳታፈርስ። ቁጭ በል፤ አብረን እንጠብቃለን።"

ተቀመጥሁ። እጇን ከክንዴ ላይ አላነሣችም። ጉሙ በተከፈተው በር እየገባ ይወጣል፤ ከቤተ ክርስቲያኑ በኩል ዜማው አንዴ ይሰማል፣ አንዴ ይጠፋል። የፖሙ እንፋሎት ቆመ፤ ላዩ ቆዳ ያዘ። ብዙ ቆይቶ ደወሉ ተመታ። ሰዎች እየሳሉ፣ በጭቃው እየተንሸራተቱ ቁልቁል ሲወርዱ ሰማሁ።

ቀመስሁ። ፖም፣ ማር፣ ቀረፋ።

"ፖም ብቻ ነው፣ እምዬ" አልሁና ማንኪያውን ሞልቼ ወደ አፏ አቀረብሁ። አፏ አልተከፈተም፤ ክንዴ ላይ ያለው እጇ ቀዝቅዞ ነበር።

እህቴ ነጠላዋ ርሶ ገባች። እናታችንን አየች። ከዚያ አጠገቤ ተንበርክካ ማንኪያውን ከእጄ አስለቀቀችኝ።