ኑግ የጠራቸው ወፎች

ባለፈው ሳምንት ኬንቲሽ ታውን ካለ አንድ የአትክልት ዕቃ መሸጫ ገብቼ ነበር። ልጄ ለአዲሱ ቤቷ የአበባ ማሰሮ ፈልጊልኝ ብላኝ ነው። መደርደሪያው ላይ በላስቲክ የታሸገ ጥቁር ፍሬ አየሁና ቆምኩ። የተጻፈበትን ማንበብ አላስፈለገኝም። ቀጭን፣ የሚያብለጨልጭ፣ ጫፉ የሾለ፤ ኑግ ነው። ሻጩ ወጣት ጠጋ ብሎ ለወፍ የሚሰጥ መሆኑን፣ ከሩቅ አገር እንደሚመጣ አስረዳኝ። አመስግኜው ወጣሁ። ማሰሮውን ሳልገዛ መውጣቴ ትዝ ያለኝ አውቶቡስ ውስጥ ከተቀመጥኩ በኋላ ነው።

በዚህ ከተማ ኑግ መጀመሪያ ያየሁ ጊዜ ሃያ ዓመት እንኳ አልሞላኝም ነበር። ለንደን የመጣሁት ብቻዬን ነበር። ኪልበርን ውስጥ እትዬ ዘሀራ የሚባሉ የእናቴ የሩቅ ዘመድ አስጠጉኝ። እሳቸው ሆቴል ያጸዳሉ፤ ጠዋት ወጥተው ሲመሽ ይመለሳሉ። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴን እየጠበቅኩ ስለነበር መሥራት አልችልም። ቅዳሜ ጠዋት እንግሊዝኛ ከምማርበት ክፍል በቀር መሄጃ አልነበረኝም። ስለዚህ የወጥ ቤቱ በር ደፍ ላይ ተቀምጬ ጓሮውን አያለሁ። ጓሮ ከተባለ ነው፤ የልብስ ማስጫ ገመድ፣ እግሩ የተሰበረ ወንበር፣ አጥሩን የወረረ እሾሃም ቁጥቋጦ።

ጋሽ ኑሩ የእትዬ ዘሀራ ሟች ባለቤት ጓደኛ ነበሩ። ሰውየው ከሞቱ በኋላም ቤቱን መጠየቅ አልተዉም። ሚኒካብ የሚሉትን ታክሲ ይነዳሉ፤ ሥራ ሲቀዘቅዝ ከሰዓት በኋላ ብቅ ይላሉ። ባዶ እጃቸውን መጥተው አያውቁም፤ ወይ ትኩስ ሳምቡሳ፣ ወይ ከዋናው መንገድ ሱቆች የገዙት ማንጎ ይዘው ነው።

«አንቺ ልጅ፣ እንዲህ ተኮራምተሽ ከተቀመጥሽ ብርዱ ይገባሽና አይወጣልሽም!» ይሉኛል።

አባቴ የሞተው እኔ ሕፃን ሳለሁ ነው። እንዲያ ብሎ የሚቆጣኝ ሰው ኖሮኝ ስለማያውቅ፣ ቁጣቸው ደስ ይለኝ ነበር።

ክረምቱ ወጥቶ ዛፎቹ ማቆጥቆጥ ሲጀምሩ አንድ ከረጢት ኑግ ይዘው መጡ። ኤሌፋንት ኤንድ ካስል የሚባል ሰፈር ነው ያገኘሁት አሉ። ከረጢቱን ፈትቼ አፍንጫዬን አስጠጋሁ። የሰፈራችን ዘይት መጭመቂያ፣ የኑግ ማሳ በመስከረም ቢጫ ሆኖ ሲተኛ፣ ሁሉም በአንድ ላይ መጣብኝና ዕንባዬ ቀደመኝ። ጋሽ ኑሩ እንዳላየ ሆነው የፕላስቲክ ጠርሙስ በመርፌ ይበሱ ጀመር።

«እዚህ አገር አንዲት ወፍ አለች፤ ኑግ ካየች ሌላ አታይም። ቆይ፣ እግሯ ያመጣታል።»

ጠርሙሱን ኑግ ሞልተን ገመዱ ላይ ሰቀልነው። ለብዙ ቀን ማንም አልመጣም። ተስፋ ልቆርጥ ስል አንዲቱ መጣች። ፊቷ እንደ በርበሬ የቀላ፣ ክንፏ ላይ ደማቅ ቢጫ መስመር ያላት፤ እንግሊዞቹ ጎልድፊንች የሚሏት ናት። በማግስቱ ጓደኛዋን ይዛ መጣች። ከዚያ ጓሮው ሌላ ጓሮ ሆነ። ድምፃቸው ትንንሽ ቃጭል በሩቅ የሚንጫጫ ይመስል ነበር። ጠዋት ስነቃ የምነሳበት ምክንያት አገኘሁ።

ጋሽ ኑሩ እንዴት እንደማላምዳቸው አስተማሩኝ። አትንቀሳቀሺ፣ አንድ ዓይነት ሻርፕ ልበሺ፣ ወንበር አውጪና በየቀኑ ትንሽ አስጠጊ። እንዳሉኝ አደረግኩ። በስተመጨረሻ ጠርሙሱ አጠገብ ቆሜ እንኳ ወፎቹ አይበሩም ነበር። ጋሽ ኑሩ ሲመጡ ጥያቄያቸው ብዙ ነው። መቼ መቼ ይመጣሉ? በዛ ብለው የሚመጡት ጠዋት ነው? የትኛው አጥር ላይ ያርፋሉ? የማየውን ሁሉ እንደ ትልቅ ወሬ አወራላቸዋለሁ። የኔን ቀን እንዲህ አንድ በአንድ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም።

አንድ ቅዳሜ አስተማሪያችን ታማ ቀረችና ቶሎ ተመለስኩ። የጋሽ ኑሩ መኪና በር ላይ ቆሟል። ሳያገኙኝ እንዳይሄዱ ብዬ በጎን ባለው መተላለፊያ ወደ ጓሮ ሮጥኩ።

በገመዱና በአጥሩ መካከል እንደ ሸረሪት ድር የቀጠነ መረብ ተወጥሯል። ሁለት ወፎች ተጠላልፈው ይንፈራገጣሉ። ጋሽ ኑሩ ሦስተኛዋን በሁለት ጣታቸው ሲያላቅቁ እጃቸው የለመደ እጅ ነበር። ሣሩ ላይ ሁለት የሽቦ ጎጆዎች ተቀምጠዋል፤ በውስጣቸው ወፎቹ እርስ በርሳቸው ይላተማሉ።

«ጋሽ ኑሩ፣ ምን እያደረጉ ነው?»

ደነገጡ፤ ግን ወዲያው ፈገግ አሉ። «ዛሬ ትምህርት የለም እንዴ?»

«ወፎቼን ምን እያደረጓቸው ነው?»

«ልጄ፣ ዘፈናቸውን የሚወድ፣ ገዝቶ ቤቱ የሚያኖራቸው ሰው አለ። ደግሞ ሌሎች ይመጡልሻል። አንቺን እንደሆነ ለምደውሻል።»

ለምደውሻል ያሉት ቃል ውስጤ ገባ። ወንበሩን የማስጠጋው ለማን እንደነበር ያኔ ገባኝ። ጎንበስ ብዬ የአንዱን ጎጆ በር ከፈትኩት። ወፎቹ ፊቴን እየታከኩ ወጡ። ወደ ሁለተኛው ስዘረጋ እጄን ያዙኝ።

«በቃ! አታበላሺ!» አሉ። ይሄኛው ቁጣ ሌላ ነበር።

የተጠለፉትን ወፎች ጨምረው ሁለተኛውን ጎጆ በጃኬታቸው ሸፈኑና፣ መረቡን ጠቅልለው ወጡ። የመኪናው በር ሲዘጋ ሰማሁ።

ማታ እያለቀስኩ ለእትዬ ዘሀራ ነገርኳቸው። በዚህ አገር ሕግ ክልክል ነው፣ ለፖሊስ እናገራለሁ አልኩ። ጫማቸውን እያወለቁ በድካም አዩኝ።

«ለወፍ ብለሽ የአገር ልጅ ታስይዣለሽ? ባሌን የቀበረልኝ እሱ ነው።»

የምኖረው በእሳቸው ቤት ነው፤ ፖሊስ ጋ አልሄድኩም። ጠርሙሱን አውርጄ ጣልኩት። ያመለጡት ወፎች ግን አልቀሩም። ባዶው ገመድ ላይ እያረፉ በር በሩን ያያሉ። እንዳይመጡ ወጥቼ እያጨበጨብኩ አባርራቸው ነበር። ከሁሉም የከፋብኝ ያ ነው። ቀስ በቀስ ቀሩ።

ጋሽ ኑሩ አምና አረፉ። ለቅሶ ሄድኩ። ቤቱ ሞልቷል፤ ስንቱን እንዳስጠለሉ፣ ስንቱን በነፃ ሆስፒታል እንዳመላለሱ ይወራል። እውነት ነው፣ ሁሉንም አድርገዋል። ከጎኔ የተቀመጠች ሴት፣ «አንቺስ ታውቂያቸው ነበር?» አለችኝ።

«አዎ፤ ልጅ ሳለሁ እየመጡ ያጫውቱኝ ነበር» አልኳት።

የወፎቹን ነገር ጊዜ አበረደው። ያልበረደልኝ ሌላ ነው። በዚህ ከተማ ከሰው ጎን ተቀምጬ መጀመሪያ ሰላም ያገኘሁት በእነዚያ ከሰዓት በኋላዎች ነው። ከሕይወቴ ቆርጬ ልጥላቸው ብል አልችልም፤ ሌላ እንዲያ ያለ ጊዜ አልነበረኝም። እውነት ነበሩ ብዬ ልያዛቸው ብልም የጋሽ ኑሩ እጅ ይታየኛል፤ ያ ወፏን ከመረቡ ቀስ ብሎ፣ በፍቅር የሚያላቅቅ የሚመስል እጅ።