«ምድጃዬስ?»

የሥራ ባልደረቦቿ እትዬ እሪታ ይሏታል። ለልጆች የካርቱን ፊልሞች ድምፅ መስጠት ሥራዋ ከሆነ አሥራ አራት ዓመት ሞላት፤ በነዚያ ሁሉ ዓመታት አንድ ቀን እንኳ ጀግና ሆና አታውቅም። ጣሪያ የሚደረመስበት፣ ጋሪው የሚገለበጥበት፣ ድልድይ መሃል ሲደርስ ድልድዩ የሚቆረጥበት ሁሉ እሷ ናት። መጥታ ትጮኻለች፣ ውኃዋን ትጠጣለች፣ ትሄዳለች። «እንዳንቺ ጩኸት የሚያምርበት የለም» ይላታል አዘጋጁ። ማሞገሱ ነው እንግዲህ።

በቀደም የአንድ ረጅም ተከታታይ ፊልም የመጨረሻ ክፍል ደረሰ። የፊልሙ ክፉ ሰው «ጌታ አመድ» ይባላል። አሥራ አንድ ከተማ አቃጥሏል፤ አሥራ አንዱም ሲቃጠል የጮኸችው እሷ ስለሆነች ቁጥሩን ከሷ በላይ የሚያውቅ የለም። በአራተኛው ክፍል ደግሞ የአንዲት ዳቦ ጋጋሪን ምድጃ በእግሩ ረግጦ አፈራርሶታል። አሁን ታዲያ ጌታ አመድ ልጅ ሳለ የሚያጫውተው ሰው አጥቶ እንደነበር ትዝ አለውና አንዲት ዘለላ እንባ አፈሰሰ። ጀግናዋ አቀፈችው። ሕዝቡ አጨበጨበ። አለቀ፤ ከመቼው! አመዱ ገና አልበረደም እኮ።

እትዬ እሪታ ይሄን ስታይ ታናሽ ወንድሟን አስታወሰች። ከሰባት ዓመት በፊት፣ እናታቸው ሆስፒታል ተኝተው ሳሉ፣ ወንድሟ የእናቱን ቤት ቁልፍ ለውጦ እሷን ከነሻንጣዋ ደጅ አስቀራት። አምና ተጸጸተ። ዘመድ በተሰበሰበበት እናቱ እግር ላይ ወድቆ አለቀሰ፤ እናቱ አነሱት፣ አጎቶች መረቁት፣ አክስቶች ተላቀሱ። እሷ በዚያን ሰዓት ጓዳ ብርጭቆ ታጥብ ነበር። እጇን አድርቃ ስትወጣ እርቁ አልቋል። «እንኳን ደስ ያለሽ» አሏት። ይቅርታውንስ ትሰጥ ነበር፤ ጠማማ ሴት አይደለችም። የፈለገችው እሷንም የሚጠይቃት ሰው ብቻ ነበር። የጠየቃት የለም።

ወደ ሥራው እንመለስ። ሕዝብ ለሚንጫጫበት ቦታ ጽሑፍ አይሰጥም። አፉ የሚንቀሳቀስ ሰው ካለ ድምፅ ሰጪው የመጣለትን ይሞላል፤ «እሰይ! እሰይ!» ማለት የተለመደ ነው። እሷ ግን ከአጨብጫቢው ጀርባ፣ በስተግራ ጥግ፣ አንዲት ሴት አየች። ማን ብትሆን ጥሩ ነው? ዳቦ ጋጋሪዋ! ሻርፗ እንኳ ያው ነው። አፏ ይከፈታል፣ ይዘጋል።

እትዬ እሪታ ወደ ማይኩ ጠጋ ብላ፣ በአሥራ አራት ዓመት ሥራዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትጮህ፣ «ምድጃዬስ? እኔንስ ማን ጠየቀኝ?» አለች።

አዘጋጁ ከስቱዲዮው መስታወት ወዲያ መነጽሩን አወለቀ። «ምን አልሽ?»

«አፏ ይንቀሳቀሳል። ሞላሁት።»

መልሶ አዳመጠው። «ድምፁስ ከከንፈሯ ጋር ገጥሟል» አለ። «በዚህ ሁሉ ጭብጨባ መሃል ማን ይሰማዋል? ይለፍ።»

ቅዳሜ ከሰዓት የፊልሙ ክፍል በቴሌቪዥን ሲተላለፍ እትዬ እሪታ እናቷ ቤት ነበረች። ወንድሟ ሶፋው ላይ፣ የስድስት ዓመት ሴት ልጁ ምንጣፉ ላይ፣ እሷ እንደ ልማዷ በሩ አጠገብ በርጩማ ላይ። ጌታ አመድ አለቀሰ፣ ታቀፈ፣ ተጨበጨበለት። ልጅቷ ድንገት ዞረች።

«አክስቴ፣ ሴትዮዋ አንቺ ነሽ!»

«የቷ?»

«ምድጃዬስ ያለችው። አባዬ፣ ለምንድን ነው ያልመለሱላት?»

ወንድሟ ሪሞቱን አነሳ፣ ድምፁን ቀነሰ፣ አስቀመጠው፣ መልሶ አነሳው። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳም ይባላል፤ የሱ ፊት ግን የረሳ ሰው ፊት አልነበረም። እናታቸው «ልጅ ናት፣ ተዋት። ሻይ ይምጣ» አሉ። ማንም አልተነሳም።

«እትዬ» አለ ወንድሟ፣ ዓይኑን ከሪሞቱ ሳያነሳ። «ቁልፉን የለወጥኩ ዕለት... የት አደርሽ?»

ሰባት ዓመት የጠበቀችው ጥያቄ መጣላት። በርጩማዋን ወደ ሶፋው ጎተተች።

«መናኸሪያ» አለች። «አግዳሚው ላይ። ዝናብ ነበር። ቴሌቪዥኑን ዝጋውና ልንገርህ።»