የእናቴ ዘንግ እጀታ

እናቴ ዓሣ ማጥመድ የጀመረችው ጡረታ ከወጣች በኋላ ነው። ዕድሜዋን ሙሉ ሶዶ ስታስተምር ስለኖረች ግማሹ ከተማ እስከ ዛሬ «ቲቸር» እያለ ነው የሚጠራት። ጡረታ በወጣች በዓመቱ ታመመችና ቀኝ እጇ ዛለ። ሐኪሙ ለስላሳ ኳስ እየጨመቀች ጣቶቿን እንድታሠራ አዘዛት። ጥቂት ሰነበተችና ኳሱን ለጎረቤት ልጆች ሰጠች። «ፍሬ የሌለው ሥራ ይሰለቸኛል» አለች።

መላ ያመጣው ሃላሌ የሚኖረው ታናሽ ወንድሟ ነው። አጎቴ ሥራ ሲፈታ ቁልቁል ወርዶ እዚያ ያለው ግድብ ካቆመው ውኃ ዳር ዓሣ የሚያጠምድ ሰው ነው። አንድ ቅዳሜ ይዟት ወረደ። ወደደችው፤ ግን የእሱ ማጥመጃ ዘንግ ቀጭን ስለሆነ ከእጇ እየሾለከ አስቸገራት። አርባ ምንጭ ዘንግ የሚገጣጥም ወዳጅ ነበረውና ለእሷ አሠራላት። ሰውየው ጭቃ አስጨብጧት፣ ጣቶቿ ባረፉበት ልክ ከጥቁር ስፖንጅ ወፈር ያለ እጀታ አበጀላት። ያንን ዘንግ ስትይዝ እጇ አይከዳትም።

ባለፈው ክረምት ዘንጉ ዕቃ ቤት ከረመ። ለዘመን መለወጫው ለጊፋታ ሃላሌ ልንሄድ ስንሰናዳ ላወጣው ብዬ የተጠቀለለበትን ጨርቅ ብገልጠው እጀታው ተበልቷል። የዓሣው ሽታ ስላልለቀቀው አይጥ ሲግጠው ከርሟል። በአንድ በኩል ውስጡ ያለው ዘንግ እስኪታይ ድረስ ተቦርቡሯል።

እንዴት እንደምነግራት እያሰብኩ ቆሜ ሳለ እሷው መጣች። አገላብጣ አየችው።

«ዓሣ መስሎት ነው። አልፈርድበትም» አለች።

ከዚያ ቀኝ እጇን በግራዋ ማሸት ጀመረች። ያ ማሸቷ ነው ያላስቻለኝ። አጎቴ ጋ ስደውል የአርባ ምንጩ ሰው ሥራውን ትቶ አዲስ አበባ ገብቷል አለኝ። «እኛው እንጠግነዋለን» አልኳት። «እኛው» ያልኩት እሷም እንድትሠራ ብዬ ነው።

መጀመሪያ የሞከርኩት የተበላውን መሙላት ነበር። ከአሮጌ ሲሊፐር ቁራጭ እየቆረጥኩ በማስቲሽ ለጠፍኩ፤ ሲደርቅ በብርጭቆ ወረቀት አስተካከልኩት። ለዓይን ያምር ነበር። እናቴ ያዘችውና «ቆንጆ ነው» አለች፤ ጣቶቿ ግን አልጨበጡም።

«እውነቱን ንገሪኝ፣ እማዬ።»

«እንደ ጠጠር ይቆረቁራል፣ ልጄ።»

ሲሊፐሩ ደርቆ ኖሯል። በማግስቱ ነገሩን ከሥሩ ጀመርነው። ከዘንጉ ጭራ ላይ ያለውን ክዳን አወለቅን። እሷ በግራ እጇ ዘንጉን ጉልበቷ ላይ አጥብቃ ይዛ፣ እኔ አሮጌውን ስፖንጅ በምላጭ ሸልቅቄ አነሳሁ፤ የቀረውን ሙጫ በአልኮል ጠረግነው። ከዚያ መለዋወጫ መሸጫ ሄጄ የሞተር ብስክሌት መሪ የሚለብሰውን ለስላሳ ስፖንጅ ገዛሁ። ወፍራም ነው፤ ቀዳዳው ግን ጠባብ ነው። ሳሙና ቀብተን ብንገፋው ጫፉ ላይ ተቀርቅሮ ቀረ፤ ወደ ፊትም ወደ ኋላም እምቢ አለ። እየተፈራረቅን ብንታገለው አረፋው ክርናችን ድረስ ደረሰ። እናቴ ሳቀች። ከታመመች ወዲህ እንደዚያ ስትስቅ አላየኋትም።

«በይ ተነሺ፣ ጎሚስታው ጋ እንሂድ» አለች። «ጎማ ከቸርኬ የሚያላቅቅ ሰው ይሄ አያቅተውም።»

ባጃጅ ውስጥ ዘንጉ አልገባ ብሎ ጫፉን በጎን አውጥተን ሄድን። ጎሚስታው ሲያየን እጁን በጨርቅ ጠርጎ ተቀበለን።

«ቲቸር፣ ይሄ ደግሞ የምን ጎማ ነው?»

«የኔ ጎማ ነው። ተንፍሷል» አለችው።

ጥቂት አሰበና የንፋሱን ቱቦ አመጣ። አፉን በስፖንጁና በዘንጉ መካከል አስገብቶ በመዳፉ ዙሪያውን ደፈነው። «ስለቀው ይግፉ» አለኝ። ንፋሱ ሲገባ ስፖንጁ ተነፋ፤ እኔም ገፋሁ፤ ያ ሁሉ እምቢተኛ ቅቤ እንደተቀባ ሽው ብሎ ቦታው ገባ። ንፋሱን ሲዘጋው ስፖንጁ ኩምትር ብሎ ዘንጉን ነክሶ ያዘ። ሳሙናው ጎሚስታው ፊት ላይ ተረጭቶ ጢሙ ነጭ ሆነ። ተራ የሚጠብቁት ባለ ሞተሮች ሳቁ፤ እሱም ሳቀ።

አሁን የቀረው ልኩ ነው። ስፖንጁ ድቡልቡል ስለሆነ ለጣቶቿ ማረፊያ የለውም። እዚህ ላይ መላውን ያገኘችው እሷ ናት። ቤት እንደገባን የተረፈ ጠመኔዋን ፈልጋ መዳፏን በሙሉ ቀባችና እጀታውን ጨበጠችው። ስትለቀው ጥቁሩ ላይ ነጭ ምልክት ቀረ። ነጩ በደመቀበት በብርጭቆ ወረቀት ቀስ እያልኩ አሸሁት፤ ደግማ ቀባች፣ ደግማ ጨበጠች። ከሰዓቱን በሙሉ በረንዳ ላይ በዚህ ዋልን። ቀሚሷም ፀጉሬም ጠመኔ ብቻ ሆነ። በመጨረሻ ያዘችውና አልለቅ አለች፤ ተነስታም ግቢው ውስጥ ዘንጉን ወዲያ ወዲህ ወዘወዘችው።

«አሁን የኔ ነው» አለች።

ሃላሌ ደርሰን በበዓሉ ማግስት ወደ ውኃው ወረድን። አጎቴ ከውኃው ራቅ ያለ አለት ላይ አስቀመጣት፤ አዞ ስለሚፈራ ዳር አያስደርስም። ብዙ ተቀመጥን። ፀሐይዋ ጠንከር ስትል «እንመለስ ይሆን?» ልል ስል የዘንጉ ጫፍ ጎበጠ። ሁለታችንም ልናግዛት ተነሳን።

«ተቀመጡ» አለችን፣ ክፍል ውስጥ በምትናገርበት ድምፅ። ተቀመጥን።

ቀኝ እጇ እጀታውን ጨብጦ፣ ግራዋ ክሩን እየጠቀለለ፣ ቀስ በቀስ ሳበችው። ክሩ ቢወጠርም ጣቶቿ አልተላቀቁም። ሰፊ ቆሮሶ ዓሣ አለቱ ላይ ወጥቶ ተንፈራገጠ። አጎቴ በወላይትኛ መርቆ መርቆ አይጠግብም።

«አሁን አረፍ በይ፣ ዘንጉን ልያዝልሽ» አልኳት።

እጇን ዘርግታ ጣቶቿን አንድ በአንድ አጠፈቻቸው፤ መልሳ ዘረጋቻቸው። ፊቷ በላብ አብረቅርቋል።

«አንቺ ዓሣውን ያዢ» አለችኝ፤ መንጠቆው ላይም አዲስ ትል አስገብታ ክሩን ወደ ውኃው ወረወረች።