የማያውቀው ሰው ሸሚዞች

መምህሩ ቁጭ ብሎ ሳለ ያየው ሰው ሲነሳ ጣሪያ የሚነካ ይመስለዋል፤ ሲነሳ ግን እምብዛም አይጨምርም። እግሮቹ አጫጭር ናቸው፣ ጀርባው ግን አያልቅም። ሱቅ ውስጥ የሚለካው ሸሚዝ ትከሻው ላይ ልክ ከመጣ ከታች ያጥረዋል፤ ከታች ሲበቃው ደግሞ ትከሻው ላይ እንደ ድንኳን ይሰፋዋል። ሰሌዳው አናት ላይ ለመጻፍ ክንዱን ባነሳ ቁጥር ሸሚዙ ከሱሪው ሾልኮ ይወጣል። ተማሪዎቹ «መጋረጃ» ይሉታል። ከኋላ «ዛሬም ተገለጠ!» ሲባል እየሰማ፣ ሳይዞር በግራ እጁ መልሶ ይከታል።

ከሰልባጅ ተራ የገዛው ነጭ ሸሚዝ ግን ክንዱን ቢያነሳም ቢያጎነብስም ንቅንቅ አላለም። ደስ ብሎት ወደዚያችው ሻጭ ተመለሰ። ሰማያዊ አገኘ፤ ከዚያም ባለ መስመር።

«ጋሼ፣ የአንድ ሰው ናቸው እኮ፤ ከአንድ ቦንዳ ነው ያወጣኋቸው» አለች ሻጯ እየሳቀች። «እንደ እርስዎ ያለ ሌላም ተፈጥሯል ማለት ነው!»

«ለምን ሸጣቸው?»

«እኔ ምን አውቄ? ወይ ወፍሯል፣ ወይ ደግሞ...» አለችና ተወችው። «ይልበሱት እንጂ ጋሼ፣ ምን ያመራምርዎታል?»

ቤት ገብቶ ሲያጥባቸው ነገሩን አስተዋለ። የነጩ ቁልፎች ከፋብሪካ እንደወጡ ናቸው። የሰማያዊው አንድ ጣት ያህል ወደ ውስጥ ገብተዋል፤ የድሮው ክር የበሳው ቀዳዳ አጠገባቸው ቀርቷል። የባለ መስመሩ ሁለት ጊዜ ተዛውረዋል፤ የመጨረሻው ስፌት ጠማማ ነው፣ ክሩም ከሸሚዙ ጋር አይሄድም። ሰውየው እየከሳ ነበር። አንድ ሰው ደግሞ አጠገቡ ተቀምጦ ይሰፋለት ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁም ሳጥኑን ሲከፍት ሦስቱ ሸሚዞች ትከሻ ለትከሻ ገጥመው የሚጠብቁት ይመስለው ጀመር። ክፍል ውስጥ ሲያስተምር ከጀርባው ሌላ ጀርባ ይሰማዋል። ባለ መስመሩ ሲገዛው ሆዱ ላይ አልዘጋ ብሎት ነበር፤ ክረምቱ ሲወጣ ያለ ችግር ዘጋ። ምግብ እምቢ ካለው መክረሙን ለማንም አልተናገረም።

አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ሚስቱ መርፌና ክር ይዛ መጣች።

«ነጩ ሰፍቶሃል፣ ጆንያ መስሏል። አምጣው ቁልፉን ላዛውርልህ።»

«አትንኪው!»

ደነገጠች። እንዲህ ጮሆባት አያውቅም። ሰማያዊውን አውጥቶ ጉልበቷ ላይ ዘረጋው፤ ባለ መስመሩን ከላይ ደረበና ቀዳዳዎቹን በጣቱ አሳያት።

«ለቁልፍ ነው እንዲህ...» ብላ መሳቅ ጀመረችና አቆመች። ቀና ብላ አንገቱን አየችው፣ ከዚያ እጆቹን።

«ሰውየው ሐኪም ቤት ሄዶ ይሆን?» አለች ቀስ ብላ።

«እንጃ።»

«አንተ ትሄዳለህ።»

«ሰኞ ፈተና አለብኝ።»

«ሌላ ሰው ይፈትናቸው! ስንት ጊዜ ነው የደበቅከኝ አንተ?»

ሰኞ ጠዋት ሐኪም ቤቱ ኮሪደር ላይ ተራ ያዙ። በአንድ በኩል ሚስቱ ተቀምጣለች፤ በሌላው በኩል አግዳሚው ባዶ ነው። አንዲት ሴትዮ መጥታ ልትቀመጥበት ስትል «ሰው አለበት» ሊላት አፉን ከፍቶ ነበር። ነርሷ ጠራችው። ሚስቱ ክንዱን ያዘችው፤ ተያይዘው ገቡ።