ግማሽ ሹሩባ

ሹሩባ ሠሪዋን ሰፈሩ «እሳቷ» ይላታል፤ እሷም ስሙን ወዳዋለች። እጇ ፈጣን ነው፣ ምላሷ ደግሞ ከእጇ የባሰ። «ዝም አይነቅዝም» ሲሏት፣ «እሱን የሚለው ኩላሊቱን ያላመመው ነው» ትላለች።

ኩላሊቷን ያመማት ታናሽ እህቷ ናት። ከመንገዱ ማዶ ያለው ሆስፒታል ሦስት የእጥበት ማሽን ነበረው፤ ሁለቱ ከተበላሹ ወዲህ ወረፋው ለጉድ ሆነ። ተራዋ በተገፋ ቁጥር የእህቷ ፊት ያብጣል፣ ትንፋሿ ያጥራል። ደግሞ አንዴ ቢገፋ ምን እንደሚመጣ ሁለቱም ያውቃሉ፤ አይነጋገሩበትም እንጂ። እሳቷ ቢሮ ለቢሮ ዞራ ያገኘችው መልስ «መለዋወጫው ይመጣል» የሚል ብቻ ነው። መለዋወጫው እስኪመጣማ ምጽአት ይቀድመዋል!

ታዲያ አገር የሚያብድላት ዘፋኝ፣ ገና ስም ሳይኖራት ጀምሮ ፀጉሯን የምትሠራው እሳቷ ጋ ነው። እሳቷ የእህቷን ነገር ነገረቻት። «ውይ እትዬ፣ እግዜር ይማርልሽ፤ ለማናጀሬ ንገሪው» አለች። ማናጀሩ «ፕሮግራም ውስጥ እናስገባዋለን» አለ። ከዚያ በኋላ ጆሮ ዳባ ልበስ።

ትልቅ ኮንሰርት የነበራት ዕለት ጠዋት ዘፋኟ መጥታ ተቀመጠች። እሳቷ ከግራ ጀምራ ጥብቅ አድርጋ ጎነጎነች፤ መሐል አናቷ ላይ ስትደርስ ማበጠሪያውን አስቀመጠች።

«ምነው እትዬ፣ ደከመሽ?»

«አልደከመኝም። ተነሺ ማዶ እንሻገር። እህቴን እዪያትና የቀረውን እጨርስልሻለሁ።»

«በዚህ ፀጉር?» ዘፋኟ መስታወቱን አየች። ግራዋ ንግሥት፣ ቀኟ ገና ከአልጋ የተነሳች።

ማናጀሩ ከበሩ ዘሎ ገባ። «ሴትዮ፣ ይሄ እገታ ነው!»

«ነው እንጂ! እህቴስ ታግታ የለ?» አለች እሳቷ። እንዲህ ያለች ደንበኛ አኩርፋ ከሄደች ሌላውም ተከትሎ ይሄዳል። «የኔ ልጅ፣ በሩ ክፍት ነው፤ ቅር አልልሽም። እኔ ግን ዛሬ እጄ አይታዘዝልኝም።»

ዘፋኟ እሳቷ ቀድሞ ነግራት እንደነበር ትዝ አላት መሰል፣ ፊቷ በኀፍረት ቀላ። ከዚያ ጨርቁን ከትከሻዋ ላይ ገፋ አድርጋ ተነሳች።

የእሳቷ እህት ሆስፒታሉ ኮሪደር ላይ ተራ እየጠበቀች ነበር። ባበጠ ፊቷ ቀና ብላ ዘፋኟን አየቻት። «አይ እሳቷ! የሰው ልጅ እንዲህ ይበላሻል?» ብላ ሳቀች፤ ሳቁ ትንፋሽ አሳጣት። ዘፋኟም ሳቀች፣ ከዚያ አንሶላ የለበሱትን ሁለቱን ማሽኖች አይታ አለቀሰች።

እሳቷ ልጨርስልሽ ብትላት እምቢ ብላ፣ ያን ምሽት መድረክ የወጣችው በዚያው ግማሽ ፀጉር ነው። «የሆስፒታሉ ማሽኖች ካልተሠሩ ይሄም ፀጉር አይሠራም!» አለች። ሰው መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ጠየቀ፣ ቀጥሎ ሆስፒታሉን መውጫ መግቢያ አሳጣው። ልጃገረዱ ሁሉ ግማሽ ሹሩባ ሆነ። ለካ መለዋወጫም ሰው ሲያየው እግር ያወጣል!

ብዙ ሳይቆይ ዘፋኟ ልታስጨርስ ብትመጣ ሱቁ ዝግ ነው። ተሻግራ ሄደች። የእሳቷ እህት ከሁለቱ አንዱ፣ የተጠገነው ማሽን ላይ ናት፣ ተራዋ ሳይገፋ፤ እሳቷ አጠገቧ ተቀምጣለች። ዘፋኟ ወለሉ ላይ እሳቷ ጉልበት ሥር ተቀመጠች። እሳቷም ማበጠሪያውን ከጡቷ መሐል አውጥታ ጀመረች።

«ጠበቅ አርጊያት፣ እንዳታመልጥሽ» አለች እህቷ።

ዘፋኟ ጆሮ ጋ አንድ ጭብጥ ፀጉር ሲቀር እሳቷ እጇን አራገፈች።

«እትዬ፣ ይቺስ?»

እሳቷ ጥግ ላይ አሁንም አንሶላ ወደለበሰው ማሽን በአገጯ አመለከተች። «እሷ የዚያኛው ናት።»