ከላይ የተጣለ ጉርሻ

እናቴ ከንፈሬን የሰነጠቀችው በማማሰያ ነው። ያኔ ሰባት ዓመት ቢሆነኝ ነው። ከጓሯችን፣ እንሰቱ ጥግ ካለው አጥር ላይ፣ አፏ የተሸረፈ ጣሳ ተንጠልጥላ ትኖር ነበር። እንጨት ተሸክመው ለሚመጡት ማንጆዎች ውሃ የሚሰጥባት ናት። ማንጆ የምንላቸው ከሌላ አገር የመጡ ሰዎች አይደሉም፤ እንደ እኛው የከፋ አገር ሰዎች ናቸው፣ ቋንቋችንን ነው የሚናገሩት። ጫካው ዳር ይኖራሉ፣ እንጨትና ከሰል ይሸጡልናል። ግን ቤት አይገቡም፣ አብሮ መብላትም የለም። ለምን ብትሉ፣ የማይበላ አውሬ ይበላሉ ይባል ነበር። ከዚያ በላይ የሚያውቅ ሰው አላገኘሁም። እናቴ ቆጮ ስትሰጣቸው እጇን ከፍ አድርጋ ከላይ ትለቀዋለች፤ እነሱ ሁለት መዳፋቸውን ገጥመው ከታች ይቀበላሉ። እጅ ከእጅ አይነካም።

እኔ ጠምቶኝ በዚያች ጣሳ ጠጣሁ። እናቴ አየችኝና ማማሰያውን ይዛ መጣች። «ሰው ቢያይሽስ? ማን ያገባሻል? ማን ያገባሻል?» እያለች አፌን አፌን ትለኛለች። ደሙ ደረቴ ላይ ሲወርድ እንኳ አላቆመችም። ሲደክማት አመድ ዘግና አመጣችና የደማውን አፌን ከውስጥም ከውጭም አሸችው። እያለቀሰች ነው ያሸችው። ይሄን እስከ ዛሬ አልረሳም፤ ከእኔ ይልቅ የፈራችው እሷ ነበረች። ጠባሳው አሁንም አለ። ሰው ሲጠይቀኝ ላም ረግጣኝ ነው እላለሁ።

ትምህርት ከሁለተኛ ክፍል አላለፍኩም፤ የቀረውን ፊደል በመሠረተ ትምህርት ነው የለቃቀምኩት። ባሌ ታሞ ሲሞትብኝ ቦንጋ ገበያ ኮረሪማ ይዤ ወጣሁ፤ አንዲት ሴት ልጄን በኮረሪማ አሳደግኳት። ገበያ ላይ ሁለት ጓደኞች ነበሩኝ። አንዷ ቅቤ ነጋዴ ናት፣ የአገሬ ልጅ። ሌላዋ ጨርቅ ነጋዴ፣ ከጅማ በኩል ባሏን ተከትላ የመጣች እስላም። በወር አንድ ቀን፣ ገበያው ሲቀዘቅዝ፣ ከገበያው በላይ ወዳለችው ምግብ ቤት ሄደን ባንድ ትሪ እንበላ ነበር። ያቺ ቀን ለእኔ ዓመት በዓል ናት። ሌላ ሰው ያበሰለውን፣ ሌላ ሰው የሚያጥበውን ሳህን! ጨርቅ ነጋዴዋ የእኛን ሥጋ ስለማትበላ፣ እኛም የእሷን ስለማንበላ፣ ሁልጊዜ የምናዘው ሽሮ ተጋቢኖ ነው። «ሃይማኖታችን ሽሮ ነው» ትለን ነበር እሷ፣ ሆዷን ይዛ እየሳቀች።

ልጄ የመምህራን ኮሌጁን የጨረሰች ጊዜ፣ መንግሥት ከተቀየረ አሥር ዓመት አልፎት ነበር። እዚያው ምግብ ቤት ልጋብዝ አልኩ። በጠዋት፣ ጸጉሯን ስሠራት፣ ልጄ እንዲህ አለችኝ፦

«እማዬ፣ ጓደኛዬም ትመጣለች። ያቺ ሁልጊዜ የማወራልሽ።»

«ትምጣ እንጂ።»

«ማንጆ ናት።»

እጄ ጸጉሯ ላይ ቀረ።

«ሦስት ዓመት ባንድ ሳህን ነው የበላነው» አለች። «ኮሌጅ ውስጥ የሚያውቅብን የለም። አንቺ ዝም ካልሽ እዚያም ማንም አያውቅም። ካልሆነ ግን ግብዣው ይቅርብኝ።»

ስብሰባ ላይ ሁሉ እኩል ነው ሲሉን አጨብጭቤ አውቃለሁ። እጅ ለጭብጨባ ቀላል ነው። «እሺ» አልኳት።

ልጅቷ መጣች። ረጅም፣ ዝምተኛ፣ በካውያ የተተኮሰ ነጭ ሸሚዝ የለበሰች። ጉልበቴን ልትስም ጎንበስ ስትል ፈጥኜ አነሳኋት፤ ለአክብሮት እንዳይመስላችሁ፣ ሰው እንዳያይ ነው። ተቀመጥን። ተጋቢኖው በሸክላ ድስት እየተንተከተከ መጣ። በቆጭቆጫ አጣፍጠን ጀመርን። ጨርቅ ነጋዴዋ ልጆቹን ትተርባለች፦ «እናንተ መምህር ከሆናችሁ እኔን አንደኛ ክፍል አስገቡኝ፤ ፊደል ባላውቅ ጠመኔ እበላለሁ!» ልጅቷም ሳቀች። ጥርሷ ያምራል። እኔም ትንሽ ቀለል አለኝ።

ከዚያ ቅቤ ነጋዴዋ፣ «እናት አጉርሺ እንጂ! ያለ ጉርሻ ምርቃት አለ?» አለች።

መጀመሪያ ልጄን አጎረስኩ። ቅቤ ነጋዴዋን አጎረስኩ። ጨርቅ ነጋዴዋን አጎረስኩ፣ ጣቴን ነክሳኝ ተሳሳቅን። ሌላ ጠቀለልኩና ወደ ልጅቷ ዞርኩ። አፏን ከፈተች። እኔ ላጎርሳት ነበር፤ እግዜር ያውቃል፣ ላጎርሳት ነበር። ክንዴ ግን አፏ ጋ ሳይደርስ ወደ ላይ ወጣ። እንደ እናቴ ክንድ ከፍ አለ። ጉርሻውን ከላይ ለቀቅኩት። ልጅቷም ሳታስበው፣ እንደ እናቷ፣ ሁለት መዳፏን ገጥማ ከታች ተቀበለችው።

ሁለታችንም መዳፏን አየነው። ቅቤ ነጋዴዋም አየችው። ያንን ክንድና ያንን መዳፍ የማያውቅ የከፋ አገር ሰው የለም።

«ይቺ ማን ናት?» አለች ቅቤ ነጋዴዋ። መልስ ሳትጠብቅ ጣቷን ጉሮሮዋ ውስጥ ከታ ወለሉ ላይ አስታወከች። «ማንጆ! ባንድ ትሪ! ማንጆ ጋር አበላችኝ!»

ከአጠገባችን ያለው ጠረጴዛ ሦስት ወንዶች ነበሩበት። አንዱን አውቀዋለሁ፤ መናኸሪያ ሚኒባስ ጣሪያ ላይ ዕቃ የሚጭን ነው። ብድግ ብሎ ትሪያችንን በእግሩ ሲመታው ተጋቢኖው ያለበት ድስት ልጅቷ ላይ ተገለበጠ። ሽሮው አንገቷና ደረቷ ላይ ተለጠፈ። ድስቱ ተሰብሮ ገሉ መሬት ላይ ሲበተን ሰማሁ፤ የእሷ ጩኸት ግን አልወጣም፣ አፏ ተከፍቶ ቀረ። ልጄ ሽሮውን ከአንገቷ ላይ በእጇ ስትጠርግ የእሷም መዳፍ ተላጠ። ሰውየው ልጅቷን በጸጉሯ ይዞ ወደ በር ሲጎትታት ልጄ ክንዱን ነከሰችው። በክርኑ አፏን አላት። ጥርሷ ሲሰበር ቀጭን እንጨት የተሰበረ ነው የሚመስለው። ሌላው በርጩማ አንስቶ የልጅቷን ጀርባ መታው። የምግብ ቤቱ ባለቤት ከጓዳ ቢላዋ ይዛ ወጥታ፣ «ቤቴን አረከሳችሁት! ማን ከእንግዲህ ይበላበታል?» እያለች ትጮኻለች። ቢላዋውን ማን ላይ እንደምታነሳ እሷም አላወቀችም።

ጨርቅ ነጋዴዋ ብቻ ግራ ገብቷት ትጠይቃለች፦

«ምን አደረገች? ኧረ ንገሩኝ፣ ሰረቀች?»

«አልሰረቀችም!» አለች ቅቤ ነጋዴዋ አፏን እየጠረገች።

«ታዲያ ምን አደረገች?»

«በላች!»

ጨርቅ ነጋዴዋ ቅቤ ነጋዴዋን አየቻት፣ ከዚያ መሬት ላይ የወደቀችውን ልጅ አየች። ሻሿን ፈታ፣ ባዶ ራሷን፣ የልጅቷን አንገት ሸፈነችና በሚሰነዘረው በርጩማ ሥር ገብታ አቅፋ አወጣቻት። አንዱ ምት እሷም ትከሻ ላይ አርፏል።

እኔስ? እኔ ጠረጴዛው ሥር ነበርኩ። መቼ እንደገባሁ አላውቅም። ከዚያ ወጥቼ ያደረግኩት አንድ ነገር ብቻ ነው። ልጄን በሹሩባዋ፣ ጠዋት በሠራሁት ሹሩባ፣ ይዤ በጓሮ በር ጎተትኳት። «ልቀቂኝ! እሷ እዚያ ናት! ልቀቂኝ!» ትላለች፣ ደም እየተፋች። አለቀቅኳትም። መንገድ ላይ በጥፊ መታኋት። «ሊገድሉሽ ነው! ሊገድሉሽ ነው!» እያልኩ የደማ አፏን መታሁት። ሁለተኛውን ስመታት የማንን ድምፅ እንደምሰማ አወቅኩ።

ፖሊስ ጣቢያ ተጠራን። «ማን ጀመረ?» አለ የሚጽፈው ልጅ። ጸቡ በስካር የተነሳ ነው ተብሎ ተጻፈ፤ ሽሮ ሲበላ የነበረ ሁሉ ሰክሮ ነበር ማለት ነው።

ልጄ ከዚያ ቀን ጀምሮ ከእጄ አልበላችም። ቆጮ ብጋግር ለራሷ ለብቻዋ ትጋግራለች። አልሰደበችኝም፣ አልከሰሰችኝም፤ እማዬ ማለት ግን ተወች። በሳምንቱ ከየት እንዳመጣችው አላውቅም፣ አፉ የተሸረፈ ጣሳ ገዛች ወይ ለመነች፣ ጓሯችን አጥር ላይ ሰቀለችው። ውሃ ሲጠማት ወጥታ፣ እኔ እያየሁ፣ በእሱ ትጠጣለች። ከተሰበረው ጥርሷ ጋር ጣሳው ኳ ሲል እሰማለሁ።

ገበያ ላይ ኮረሪማዬን ረግጠው ጭቃ ውስጥ ደባለቁት። ቅቤ ነጋዴዋ ስታየኝ መሬት ላይ ትተፋለች። አንድ ቀን ጎረምሶች ጀርባዬን በድንጋይ መቱኝ። ቤቴን ያቃጥላሉ ብዬ እፈራ ነበር። ግን እውነቱን ልናገር፣ ከሁሉም በላይ የፈራሁት ያንን ጣሳ ነው።

ሁለት ወር እንዳለፈ ምደባ ወጣ። ሁለቱንም ከቦንጋ ራቅ ያለ ገጠር መደቧቸው፤ ልጄ ራሷ ጠይቃ ነው አሉ። «መቼ ትመለሻለሽ?» ስላት፣ «ምን ልበላ?» አለችኝ።

የመሄጃቸው ዕለት ስንቅ ሠራሁ። ቆጮ ጋግሬ፣ ጎመን በቅቤ አድርጌ፣ ቆጭቆጫ ጨምሬ፣ በኮባ ቅጠል ጠቅልዬ መናኸሪያ ሄድኩ። ልጅቷ ሚኒባሱ ጥላ ሥር ቆማለች። አንገቷ ከጆሮዋ ሥር እስከ ደረቷ ተጨማዷል፤ ራሷን ወደ ግራ ማዞር አትችልም። በአካሏ ሁሉ ዞራ ጎንበስ ብላ ሰላም አለችኝ። ልጄ ሻንጣዋን ማሰር ቀጠለች።

ጣሪያው ላይ ያ ሰውዬ ነበር። የልጅቷን ሳጥን ሲቀበል አወቃት። ሳጥኑን ከላይ ለቀቀው። ተፈርክሶ ደብተሮቿ ጭቃ ላይ ተበተኑ። «የማንጆ ዕቃ ከሰው ዕቃ ጋር አልጭንም!» አለ፣ መናኸሪያው ሁሉ እንዲሰማ። ሰው ዞሮ ማየት ጀመረ። ልጄን ሳያት፣ እሷ እኔን ነው የምታየው። እሱን አይደለም፣ እኔን።

ስንቁን ፈታሁ። ቆጮ ቆርሼ፣ ጎመን አድርጌ ጠቀለልኩ። ወደ ልጅቷ አፍ ዘረጋሁ። ክንዴን በሌላ እጄ ደግፌ ይዤዋለሁ፣ ወደ ላይ እንዳይሄድብኝ።

ልጅቷ አፏን አልከፈተችም። «ይቅርታ እትዬ፣ በልቻለሁ» አለች፣ በትህትና።

ትክክል ናት። እኔም ብሆን አልከፍትም። ጉርሻው ጣቴ ላይ እየተፈረፈረ ቆምኩ። ከዚያ ልጅቷ ከኮባው ላይ ቆረሰች፣ ጠቀለለች፣ ወደ እኔ ዘረጋችው። ሳቅ የለባትም፣ ቁጣም የለባትም። እየጠበቀች ነው።

ይሄን የምጽፈው መልካም ሴት ለመምሰል አይደለም። ስለ እኩልነት አላሰብኩም። ስለ ልጅቷም አንገት አላሰብኩም። ልጄ ሚኒባሱ ውስጥ ገብታ እንዳትቀርብኝ ብቻ ነው ያሰብኩት። አፌን ከፈትኩ። ጣቷ ከንፈሬን፣ ጠባሳው ላይ፣ ነካኝ። አጎረሰችኝ።

«አንቺ ሴትዮ!» አለ ሰውየው ከላይ። ዘሎ ሲወርድ እግሩን ሰማሁ። የዕቃ ማሰሪያውን ገመድ እጥፍ አድርጎ ይዞ ነበር፤ መጀመሪያ ትከሻዬን፣ ቀጥሎ ፊቴን። ጥርሴ ምላሴን ቆረጠው። አፌ ውስጥ ቆጮውና ደሙ ተደባለቀ። መትፋት እችል ነበር። ሰውየውም «ትፊው! ትፊው!» እያለ ነው የሚመታኝ። ብተፋው ይተወኝ ነበር፣ አውቃለሁ። ከንፈሬን በሁለት እጄ ይዤ አላመጥኩ። ዋጥኩት። ሾፌሩ ወርዶ ሰውየውን በወገቡ ይዞ ሲያስቀረው እኔ ከንፈሬን ገና አልለቀቅኩም ነበር።

ልጄ አጠገቤ ተንበርክካ ነጠላዋን አገጬ ላይ ያዘች። «እማዬ» አለች፣ «ደም ነው፣ ቀና በይ፣ እማዬ።»

ልጅቷ ደብተሮቿን ከጭቃው ለቅማ ጨርሳ መጣች። ሾፌሩ ሳጥኗን ራሱ ከወንበር ሥር አስገባላት። ልጄ ከመግባቷ በፊት ከኮባው ላይ ቆጮ ቆረሰች። እኔ በያዝኩት፣ ደሜ በነካው በኩል ነው የቆረሰችው። የቀረውን ስንቅ በፌስታል አድርጋ፣ እየበላች ገባች።

ሚኒባሱ ሲሄድ መናኸሪያው መካከል ብቻዬን ቀረሁ። ሰውየው ግድግዳው ሥር ቆሞ ገመዱን ይጠቀልላል፣ ያየኛል። ወደ ቤት የሚወስደው መንገድ በእሱ በኩል ነው የሚያልፈው። ባዶውን ኮባ አጥፌ ብብቴ ሥር ያዝኩና በእሱ በኩል አለፍኩ።